ከቢላዋ በፊት ያለችው ሰዓት

የቀዶ ጥገና ታሪክ ሲጻፍ የባለቢላዋው ስም ይቀራል፤ መድኃኒቱን ያሰናዳው ግን አይነሳም። እኛ ዛሬ ስለሁለተኛው ልንናገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የአውበሬ ሰው እናስብ። አውበሬ ተፈሪ በርም የምትባለው፣ ከጅጅጋ በስተሰሜን ሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ያለችው ከተማ ናት። ሰውየው አንጀቱ ታጠፈና ለኦፕራሲዮን ጅጅጋ ተላከ። መንገድ የበላውን ሰዓት ማንም አይመልስለትም።

ጣሊያን በወረረን በ1935 እና 36፣ ፊንላንዳዊው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፋልቲን የቀይ መስቀል ቡድን መርተው ሐረር ቁስለኛ ያክሙ ነበር። ያኔ ፔኒሲሊን በሕክምና ላይ አልዋለም። ጀርመናዊው ዶማክ ስለፕሮንቶዚል ያሳተመው ራሱ በ1935 ነው። ሆዱን የተመታ ሰው እንግዲህ ተስፋው ምን ያህል ነበር?

ኋላ መድኃኒቱ መጣ፤ መቼ እንደሚሰጥ ግን ገና አልታወቀም። በ1961 ጆን በርክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህንን በጊኒ ፒግ ፈተነው፦ መድኃኒቱ ከጀርሙ ቀድሞ ሥጋ ውስጥ ሲገኝ ቁስሉ ሳያመረቅዝ ይድናል፤ ሦስት ሰዓት ከዘገየ ግን ከንቱ ነው። በ1973 ኒኮልስና ኮንደን ኒዮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን በዋዜማው እያስዋጡ አንጀትን ማጽዳት አስተማሩ። ደግ ነገር ነው፤ ግን የኛ ሰው ዋዜማ የለውም! ያለችው ከቢላዋ በፊት ያለችው የመርፌ ሰዓት ብቻ ናት።

በ1992 በታተመ ጥናት ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ 2,847 ሕሙማን ተቆጠሩ። ከቀዶው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት መድኃኒት ካገኙት ያመረቀዘባቸው ከመቶ 0.6 ሲሆኑ፣ ከቀዶው ሦስት ሰዓት አልፎ ካገኙት ግን 3.3 ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ስታንሊ ፔስቶትኒክ ማን ነው? ፋርማሲስት! ሰዓቱን መቁጠር፣ ቀዶው ሲረዝም መድገም፣ መጠኑን በክብደት ማስላት የሱ ሙያ ነው እኮ።

ማስቆምም የሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ለመከላከያ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ከቀዶው በኋላ አይቀጥል ብሏል። አንጀቱ ከተበሳ ወይም ከሞተ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ መከላከል ሳይሆን ማከም ነው። የአውበሬው ሰው አንጀት ግን ሳይሞት ተፈታ እንበል። «ለማንኛውም» ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ለሰባት ቀን ቢታዘዝለት፣ ወረቀቱ ላይ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ፋርማሲስት በዋርዱ አለ ወይ? ከሌለ ወንድምየው ፍየል ሸጦ የስድስተኛውን ቀን መርፌ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል።