የፍሬን ጉጠትና የቸርኬ ክፍተት፦ ስለ አንድ ስያሜ ታሪክ

«ካሊፐሩ ቸርኬው ውስጥ መግባቱን ለማወቅ ስፋቱን በካሊፐር ለካ።» የመኪና ጥገና መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ አይቀርም። የመጀመሪያው ካሊፐር የፍሬን አካል ነው፤ ሁለተኛው በቤተ ሙከራ የምናውቀው ባለ ሁለት እግር መለኪያ ነው። እንግሊዝኛው ለመሣሪያው ያወጣውን ስም ቅርጹን አይቶ ለፍሬኑም አዋሰው። አማርኛ ይህን መንታ ትርጉም አብሮ ሊወርስ ይገባዋልን? ለዚህ መልስ ለመስጠት የቃላቱን ታሪክ መመልከት ያስፈልገናል።

የጋራዥ አማርኛ የጣልያንኛ ልጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ ሁሉም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። «ቸርኬ» ጣልያኖች ክቦች ለማለት ከሚጠቀሙበት የብዙ ቁጥር ቃል የመጣ ነው፤ እኛ ግን ለአንዱም እንጠራበታለን። ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራውን መሣሪያ የሚጠራው «ታምቡር» ደግሞ ጆሮ ውስጥ ላለው ስስ ቆዳ ስም እንደሆነ ሁሉ ለፍሬኑም ከበሮ ስም ሆኗል። ጎማ ውስጥ ተዘግቶ የሚዞረው ይህ የፍሬን ዓይነት በጣልያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936-1941) በመኪና ሁሉ ላይ የነበረ ስለሆነ ቃሉ በወቅቱ ተገኘ።

ዲስክ ፍሬን ግን ዘግይቶ መጣ። በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ላንቼስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ቢያስመዘግብበትም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በሰፊው አልተሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ1953 የደንሎፕን ዲስክ ፍሬን የገጠመ የጃጓር መኪና በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን አሸነፈ፤ በ1955 ሲትሮዌን ዲኤስ ለፊት ጎማዎቹ ይዞት ለገበያ ቀረበ። ታምቡር ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ዲስክ ግን አየር ላይ ስለሚዞር ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ዲስኩን ከሁለት በኩል የሚጨብጠው አካል ወደ ጋራዦቻችን ሲደርስ የጣልያንኛው ስያሜ ዘመን ያለፈ ይመስለናል፤ «ካሊፐር» ከእንግሊዝኛው ገባ። በዚያው በጣልያንኛ ዕቃው «ፒንሳ» እንደሚባል ሲታሰብ ነገሩ ያስገርማል፤ ቃሉ አስቀድሞ በእጃችን ነበረና።

ሌሎቹ ቋንቋዎች እንዴት እንደ ሰየሙት ማየት ያስደስታል። ፈረንሳይኛ «እርካብ» አለው፤ ጀርመንኛ «ኮርቻ»። ሁለቱም ከዲስኩ በላይ ተጋልቦ መቀመጡን አይተው የሰየሙ ናቸው። ጣልያንኛው ግን ሥራውን፣ መጨበጡን አየ። እኛም ለዚህ የብረት ሠሪው «ጉጠት» አለን፤ ፍምን ወይም የጋለ ብረትን ከሁለት በኩል ይዞ የሚያቆም እርሱ ነውና።

ነገር ግን ለትርጉም ሥራ ትልቁ አደጋ ከጉጠቱ ስም ይልቅ በዙሪያው ያሉት ክፍተቶች ስም አልባ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሸጠውን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ እንውሰድ። ቸርኬው ባለ 16 ኢንች፣ የፊት ዲስኩ 294 ሚሊሜትር ነበር፤ ጉጠቱም ተንሸራታች ሆኖ ሁለቱም ፒስተኖቹ በውስጥ በኩል ነበሩ። በ2004 የቀረበው ኤስ ቲ አይ ግን 326 ሚሊሜትር ዲስክና በሁለቱም በኩል ፒስተን ያለው ባለ 4 ፒስተን የብሬምቦ ጉጠት፣ ቸርኬውም ባለ 17 ኢንች ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ፍሬን ወደ ደብልዩ አር ኤክሱ ማዛወር ፈለጉ። 16 ኢንች 406 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 326 ሲቀነስለት 80፣ በአንድ ወገን 40 ሚሊሜትር ይቀራል። በዚህ ውስጥ የቸርኬው ውፍረት፣ የመካከሉ ጎድጓዳና ከዲስኩ በላይ የሚያልፈው የጉጠቱ ድልድይ ሊገቡ ይገባል። አይገቡም።

ይህ የዙሪያው ክፍተት ነው። ቸርኬውን ባለ 17 ኢንች ቢያደርጉትም ሁለተኛ ክፍተት አለ፤ የውጭዎቹ ፒስተኖች ወደ ቸርኬው ክንዶች ስለሚጠጉ፣ ስፋታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ቸርኬዎች መካከል ክንዱ ወደ ውጭ የቀለሰው ይገባል፤ ቀጥ ያለው ይነካል። ሦስተኛው ከቸርኬው ወርድ መካከል እስከ መግጠሚያው ገጽ ያለው ርቀት ነው፤ ይህም በቸርኬው ላይ በሚሊሜትር ይቀረጻል። ተርጓሚ ሦስቱንም «ርቀት» ብሎ ቢያልፍ አንባቢው በቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር የጉጠቱ ክፍተት አድርጎ ሊወስድ፣ በዚያም የማይገባ ቸርኬ ሊገዛ ይችላል። ከዚያም የባሰው፣ ሲቆም የገባው ቸርኬ ጎማው ኩርባ ላይ ሲጫንና ፍሬኑ ሲግል ጉጠቱን መፋቅ ይጀምራል። ወደ ቸርኬው ውስጥ የተለጠፈ የማመጣጠኛ ክብደትም እንዲሁ ይነካካል፤ ይህን ብዙ መመሪያ ይረሳዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን «ዙሪያ ክፍተት»፣ ሁለተኛውን «የፊት ክፍተት»፣ ሦስተኛውን «የመግጠሚያ ፈቀቅታ» ብለን እንድንለይ ሐሳብ እናቀርባለን። «ፈቀቅታ» አዲስ ቢመስልም ሥሩ የታወቀ ነው። ለጉጠቱም «የፍሬን ጉጠት» እንላለን፤ መካኒኩ ካሊፐር ማለቱን ቢቀጥል አንቃወምም፤ መለኪያው ግን «ካሊፐር» እንደ ሆነ ይቅር። በዚህ አከፋፈል ከላይ የጠቀስነው ዐረፍተ ነገር «ጉጠቱ ከቸርኬው ክንድ ጋር ያለውን የፊት ክፍተት በካሊፐር ለካ» ይሆናል፤ የሚለካውም የሚለካበትም ተለይቷል።