የፋሲል ግንብ የማን እጅ ሥራ ነው?

«የፋሲልን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ በ1636 ነው። በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚም ሠሪው ሕንዳዊ ባለሙያ መሆኑን ጽፏል።

ግንቡ በቡናማ ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት፤ ጣሪያውንም እንደ ጥርስ የተደረደረ መከታ ይዞረዋል። ቤተ መንግሥትም ምሽግም ነው እንግዲህ። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 በያዙት ጊዜ በሲሚንቶ ጠገኑት። ሲሚንቶ እርጥበት ያምቃልና፣ ኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተካ።

መሪው ባለሙያ ከየትም ይምጣ፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ተሸክሞ የወጣው ማን ነው? ያገሩ ሰው እኮ ነው! በጎንደር ግንበኝነትና አናጢነት የታወቁት ቤተ እስራኤልም አሉበት። የአብዛኞቹን ስም የጻፈላቸው የለም። የሞተን ሰው በስሙ ጠርተን የምንሸኝ እኛ እድርተኞች ግን ልንዘነጋቸው አይገባም። ግንቡን ስናይ እነሱንም «ነፍስ ይማር» እንበል።