የሰው ኀይልና ድሮን በዩክሬን ጦርነት

አዲስ መሣሪያ በጦር ሜዳ በታየ ቍጥር «ከእንግዲህ ብዙ ወታደር አያስፈልግም» የሚል አሳብ አብሮ ይነሣል። ድሮን ለተባለው ሰው አልባ አውሮፕላንም ይኸው ተብሎለታል። እኛ ግን ሩስያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ የሆነውን ስንመረምር፥ አሳቡ ከግማሹ በላይ እውነት ሆኖ አላገኘነውም።

ዩክሬን በወረራው ቀን ክተት ዐወጀች፤ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶችም ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ይሁን እንጂ ቀድሞ በጦር ያላገለገለ ሰው በግዴታ የሚጠራው 27 ዓመት ሲሞላው ነበር፤ ይህም በኤፕሪል 2024 ወደ 25 ዝቅ አለ። በሌላው ዘመን ጦርነት ፊተኛ የሚዘምተው የ20 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ሳለ በዩክሬን ወደ ኋላ መቅረቱ ለአንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ከጦርነቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ ነው። በ1990 በዩክሬን 657,000 ያህል ሕፃናት ሲወለዱ፥ የሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ኑሮ ከተናጋ በኋላ በ2001 የተወለዱት 376,000 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ወረራው በደረሰበት ዓመት 21 የሞላው ትውልድ፥ ማለት የእኛው እኩያ፥ ከመነሻውም ጥቂት ነበር። ገበሬ በክፉ ቀን የዘር እህሉን ለመብላት እንደሚያመነታ፥ መንግሥቱም በእርሱ አመነታ።

የሰውን ጕድለት ይሞላል ተብሎ የታሰበው ድሮን ነው። ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ትንሽ ድሮን ሚልዮን የሚያወጣ ታንክ ያቃጥላል። ዩክሬን በ2024 አንድ ሚልዮን ለመሥራት ዐቀደች፤ ራሱን የቻለ የድሮን ጦርም አቋቋመች። በዲሴምበር 2024 በካርኪቭ አውራጃ በሊፕትሲ አጠገብ ያለ እግረኛ፥ ከሩቅ በሚነዱ ተሽከርካሪዎችና በድሮን ብቻ አደጋ መጣሏን አስታወቀች።

ነገር ግን ያንኑ መሣሪያ ሩስያም ይዛለች። የሬድዮ ማወኪያ ሲበዛ በፋይበር ኦፕቲክ ክር የሚመራ፥ ማወኪያ የማይበግረው ድሮን መጣ። ስለዚህ ከግንባሩ ወደ ኋላ ያለው ብዙ ኪሎ ሜትር መሬት ሁሉ ከሰማይ የሚታይ ሆነ። መኪና ወደ ምሽጉ መድረስ ስለማይችል ወታደሩ በእግሩ ይሄዳል፤ ምግብና ውሃ በድሮን ይወርድለታል። አንድን ምሽግ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይዘውት ይውላሉ። ለመቀየር መንቀሳቀሱ ከመቀመጡ ይልቅ ስለሚያሰጋ፥ በ2025 ከ100 ቀን በላይ ሳይቀየሩ የቆዩ ነበሩ። በመጀመሪያ ያሰብነው ድሮን በግንባር የሚቆመውን ሰው ቍጥር ያሳንሳል ብለን ነበር፤ አሳንሷልም። ዳሩ ግን የቀረውን ሰው ከቦታው መልቀቅ አስቸገረ፤ በኋላም ለአብራሪው፥ ለቦምብ አሳሪው፥ ለጠጋኙ ሌላ ሰው ጠየቀ።

ሩስያም ብትሆን ከዚህ አላመለጠችም። በሴፕቴምበር 2022 300,000 ሰው ስትጠራ ብዙ መቶ ሺሕ ሰው አገር ጥሎ ስለ ሸሸ፥ ከዚያ ወዲህ በብዙ ገንዘብ ፈቃደኛ ወደ መመልመል አዘነበለች፤ በ2024ም የሰሜን ኮርያ ወታደሮች ወደ ኩርስክ መጡላት።

የኤፕሪል 2024ቱ የዩክሬን ሕግ ገና ረቂቅ ሳለ፥ 36 ወር ያገለገለ ወታደር ይሰናበታል የሚል አንቀጽ ነበረበት። ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት አንቀጹ ተሠረዘ። በወረራው ሳምንት የዘመተው ሰው በፌብሩዋሪ 2025 36 ወሩን ሲሞላ፥ የሚሰናበትበት ቀን ገና አልተቈረጠለትም ነበር።