ይቀየር ወይስ ይከፈት? የዝናብ መጥረጊያ ታሪክ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል። ከፊታችሁ ያለችው አሮጌ ቮልስ ዝናብ መጥረጊያዋ መስታወቱ መሃል ደርሶ ቀጥ ብሏል። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና በጨርቅ መወልወል ጀመረ። «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል መካሪ አይጠፋም። ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ግን «መጀመሪያ ይከፈት» ይላል። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው በእጅ ነው። የአላባማዋ ሜሪ አንደርሰን ኒው ዮርክ ሄዳ ሳለ፣ የትራም ሾፌር በረዶ መስታወቱን እየሸፈነበት መንገዱን ለማየት ሲቸገር ተመለከተች። እ.ኤ.አ. በ1903 ከውስጥ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ለሚሠራ መጥረጊያ ፓተንት አገኘች። ገንዘብ ግን አላተረፈችበትም። ያ መሣሪያ ቢበላሽ ማንም ይጠግነው ነበር።

ከዚያ የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚጠቀም መጥረጊያ መጣ። ይህ ደግሞ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የመሳብ ኃይሉ ይወድቅና መጥረጊያው ይዝላል። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ለገበያ አቀረበ።

የቮልሷ መጥረጊያ የዚህ ዝርያ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ አንድ ትንሽ ሞተር ሁለቱንም ክንዶች ያንቀሳቅሳል። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተቃጠለ ሽቦ አይደለም። ግራሶው ደርቋል፣ ካርቦኑ አልቋል፣ ወይም የክንዶቹ ዘንግ ዝጎ ተጣብቋል። የቆዩት ቮልሶች በ6 ቮልት ስለሚሠሩ ሌላም ችግር አለባቸው። 36 ዋት ለማግኘት በ12 ቮልት 3 አምፔር ሲበቃ፣ በ6 ቮልት 6 አምፔር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው ሽቦ ትንሽ ቢዝግ ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ሳለ አዲስ ሞተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም በዛገው ሽቦ ላይ ተመልሶ ይደክማል።

በ1960ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ከርንስ መጥረጊያው እረፍት እየወሰደ እንዲጠርግ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ሠራ። ፎርድ ፈጠራዬን ያለፈቃዴ ተጠቅሟል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰሰ። ከ12 ዓመት በኋላ ጉዳዩ በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የዚያ ዘመን ጥያቄ «በውስጡ ያለው ሐሳብ የማን ነው?» የሚል ነበር።

የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ማን ይክፈተው?» በአዳዲስ መኪኖች ላይ መጥረጊያው ትእዛዝ የሚቀበለው ከኮምፒውተር ነው። ጠጋኙ ቁልፍና ፒንሳ ይዞ ብቻ አይዘልቅም፤ መረጃ ያስፈልገዋል። የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2020 ድምፅ ሰጥተው፣ አምራቾች የጥገና መረጃን ለግል ጋራዦችም እንዲከፍቱ ወስነዋል።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ነው። አስመጪውን «የጥገና መመሪያውንና መመርመሪያውን ለሰፈር ጋራዥ ትሰጣለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ በፈቃድ ደረጃ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው።

እነዚያ አሮጌ ቮልሶች እስከ ዛሬ የሚሄዱት ጀርመን ስለሠራቻቸው ብቻ አይደለም። የሚከፈቱ ስለሆኑና የሚከፍታቸው ባለሙያ ስላለን ነው። በርካሽ የገባ መኪና መክፈት ካልቻልን፣ አንድ ቀን በዝናብ መሃል ጨርቅ ይዘን የምንቆመው እኛው ነን።