የካሚሪቱ ሕዝብ የሠራው መድረክ

ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሊሙሩ አካባቢ የሚገኘው የካሚሪቱ መንደር በነዋሪው ምርጫ የተቆረቆረ አይደለም። በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የማው ማውን ተዋጊዎች ከገበሬው ለመነጠል ሲል ሕዝቡን ከየቀዬው ነቅሎ ካሰፈረባቸው መንደሮች አንዱ ነው። ኬንያ በ1963 ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላም መሬት ያልተመለሰለት ነዋሪ በየእርሻውና በሊሙሩው የባታ ጫማ ፋብሪካ ጉልበቱን እየሸጠ ይኖር ነበር።

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ሙግት ተነሥቶ ነበር። በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦዉዎር አንዩምባ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀርቶ፣ አፍሪካን ማእከሉ ያደረገና ለሥነ ቃል ተገቢውን ሥፍራ የሚሰጥ ክፍል እንዲተካ ጠየቁ። ሐሳቡ ውሎ አድሮ ተቀባይነት አገኘ። ይሁን እንጂ ከሕዝብ አፍ ተቀድቶ በመማሪያ ክፍል የሚጠናው ቅርስ ለባለቤቱ ምን ይመልስለታል የሚለው ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ቆየ። ይህንኑ አንሥታ የሞገተችው ምሁር ሳትሆን አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች። በ1976 በየእሑዱ ወደ ንጉጊ ቤት እየተመላለሰች፣ የተማረ ሰው ከዕውቀቱ ለመንደሩም እንዲያካፍል ወተወተች።

በመንደሩ የነበረውን ያረጀ የወጣቶች ማእከል መነሻ በማድረግ የካሚሪቱ የማኅበረሰብ ትምህርትና ባህል ማእከል ሥራውን በጎልማሶች የፊደል ትምህርት ጀመረ። ቀጥሎም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና የዩኒቨርሲቲው የልማት ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበረው ንጉጊ ዋ ሚሪ አንድ ተውኔት እንዲጽፉ ጠየቃቸው። በኪኩዩ ቋንቋ የተደረሰው «በፈለግሁ ጊዜ አገባለሁ» ኪጉንዳ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ አንድ ሄክታር የማትሞላ መሬቱን በባለጸጋ አሠሪው ሽንገላና በባንክ ዕዳ እንዴት እንዳጣ የሚያሳይ ነው።

የነገሩ ፍሬ ግን ከድርሰቱ ይልቅ አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ንባቡም ልምምዱም የተካሄደው በአደባባይ፣ በመንደርተኛው ፊት ነበር። ሽማግሌዎች የአነጋገሩን ወግ አረሙ። የፋብሪካ ሠራተኞች ጉልበታቸው እንዴት እንደሚበዘበዝ በዝርዝር ጽፈው አቀረቡ። ጊቲሮ የተባለውን የሠርግ ዜማ ፊደል ያልቆጠረች ገበሬ ቃል በቃል አስጻፈች። በትግሉ ዘመን መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ለመድረኩ የይምሰል ጠመንጃ ሠሩ። ከ2000 በላይ ተመልካች የሚይዘውን ጣራ አልባ ቴአትር ቤትም ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱ አቆመው። አጥኚውና ተጠኚው ቦታ ተለዋወጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምሁራኑ ራሳቸው የገዛ ቋንቋቸው ተማሪዎች ሆኑ።

በኪማኒ ጌቻው አዘጋጅነት የቀረበው ተውኔት የማው ማው ትግል የተጀመረበት 25ኛ ዓመት በሚታሰብበት ወር፣ ጥቅምት 2 ቀን 1977 ለሕዝብ ታየ። ዝናብ ትርኢቱን ሲያቋርጥ ተመልካቹ አባርቶ እስኪጀመር ይጠብቅ ነበር እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም። ኅዳር 16 ቀን ፈቃዱ ተሰረዘ። በታኅሣሥ ማብቂያ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተይዞ ያለ ፍርድ በካሚቲ ወኅኒ ታሰረ፤ እዚያም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። የተፈታው በ1978 መጨረሻ፣ ጆሞ ኬንያታ ካረፉ በኋላ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዚያው በ1977 የኬንያን ገዥዎች ክፉኛ የሚነቅፈው የንጉጊ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲመረቅ መራቂው የገንዘብ ሚኒስትሩ ምዋይ ኪባኪ ነበሩ። መንግሥትን ያስደነገጠው ነቀፋው ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉም በተከለከለ ነበር። ያስደነገጠው ገበሬውና ወዝአደሩ ነቀፋውን በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ መድረካቸው መናገራቸው ነው።

ማእከሉ በ1981 መገባደጃ ሌላ የሙዚቃ ተውኔት መለማመድ ቢጀምርም በብሔራዊ ቴአትር ቤት እንዳያሳይ ተከለከለ። በመጋቢት 1982 ማእከሉ ታገደ፤ ፖሊሶች በካሚዮን መጥተው ሕዝቡ የሠራውን ቴአትር ቤት አፈረሱት። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በስደት ቀረ። ንጉጊ ዋ ሚሪና ኪማኒ ጌቻው ወደ ዚምባብዌ ተሻግረው የካሚሪቱን አሠራር ለዚያ አገር የማኅበረሰብ ቴአትር አወረሱ። ተውኔቱ በ2022 በናይሮቢ ብሔራዊ ቴአትር ቤት ዳግም ለመድረክ በቃ፤ ደራሲው በ2025 ከማረፉ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።