የቁስቋም መንገድ፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በደብረ ፀሐይ

ከጎንደር ነገሥታት ግቢ ተነሥቶ ወደ ቁስቋም ለሚሄድ ሰው ጉዞው አጭር ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሮ የቀሃን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ዳገቱን ሲወጣ፣ ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደብረ ፀሐይ ተረተር ላይ የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ያገኛል። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጀው ይህ መንገድ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የመንግሥቱ ሥልጣን ወዴት እንዳዘነበለ የሚታይበት ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቁስቋም ሲነገር ስፍራውን ባለቤታቸው የሞቱባቸው እቴጌ ለጸሎት የተለዩበት ገዳም አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ለዚህ ስሙም ሳይረዳ አልቀረም፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ዐርፋበታለች ከሚባለው በላይኛው ግብጽ ካለው ስፍራ የተወሰደ ነውና። የሕንጻው አሠራር ግን ለዚህ አስተያየት አይመሰክርም። ዐፄ በካፋ በ1723 ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ፣ እናቲቱ ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት ዘውድ ጭነው አገሩን አብረው ገዙ። በ1725 ዓመፀኞች ተነሥተው የነገሥታቱን ግቢ ከበቡ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውን የያዙት እቴጌም ከዚያ መከራ የዳኑት ከውጭ በደረሰላቸው ጦር ነው። እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በራሱ ቅጥርና በክብ ግንቦች የተጠበቀ፣ የግብር አዳራሽና መኖሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ያለበት ግቢ መሥራት የጸሎት አሳብ ብቻ ነበረን? ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና አንበሳ የተቀመጡት የዋልድባው አባ ሳሙኤል ምስል መንፈሳዊነቱን ያሳያሉ፤ አዳራሹ ግን መኳንንት የሚበሉበትና ጉዳይ የሚቈረጥበት ነው።

ኢያሱ በ1747 ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ እቴጌይቱም ሞግዚትነቱን ዳግመኛ ያዙ። ከዚህ በኋላ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ውቢትና ወገኖቿ ከቋረኞች ጋር ተፎካከሩ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እስካሉ ድረስ ሚዛኑ ተጠበቀ፤ እሳቸው ሲሞቱ ግን ትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን ወደ ጎንደር መጥራት ግድ ሆነ። ራስ ሚካኤል በ1761 ኢዮአስን አስገደሉ። የልጅ ልጃቸውን ያስገደሉት ሰው የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል መሆናቸው የዚያን ዘመን የጋብቻ ፖለቲካ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ ያሳያል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ጎንደር በደረሰ ጊዜ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል እጅ ነበር። ሆኖም በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የመሳፍንት ልጆች እንዲያስታምም የተጠራው ወደዚሁ ዳገት ነው፤ የከተማይቱም ታላላቆች ወደ እቴጌይቱ መውጣታቸውን ገና አልተዉም ነበር። ኀይሉ ቀርቶ ክብሩ ብቻ ቢቀርም መንገዱ አልተዘጋም።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዐረፉ። ግቢው በ1880 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከሌሎቹ አድባራት ጋር ተቃጠለ፤ ዛሬ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የአዳራሹ ጣራ የለም፤ ግድግዳው ግን ቆሟል፤ በ1972ም ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የእቴጌይቱ፣ የኢያሱና የኢዮአስ ነው የሚባል አፅም ለጎብኚ ይታያል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሣጥን።