ፈተናው ራሱም ቀጠሮ አስተላልፎ ያውቃል



የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬን ሁለት ጊዜ አስተላልፌያለሁ። የመጀመሪያው ልጄ ታሞብኝ ነው። ሁለተኛው ግን ፈርቼ ነው። ለቤተሰቤ «ሥራ ገባብኝ» አልኳቸው። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ ስለምንከባከብ፣ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥቼ ሁለት አውቶቡስ እይዛለሁ። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝ ሥራዬም እንቅልፌም እንደሚሻሻል አውቃለሁ። ያም ሆኖ ቀኑ ሲቃረብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እውነቱን የተናገርኩት በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ማስተላለፍ ነውር ነው ያለሽ ማነው? ይልቅ ይህ ፈተና ከየት እንደመጣ አንብቢና ንገሪን» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ ውጤት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ብሪታንያ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ወረቀት የተጀመረው በ1904 ነው። በዚያን ጊዜ ፈተና አልነበረም። ዕድሜው 17 የሞላ ሰው አምስት ሽልንግ ከፍሎ ፈቃዱን ይወስዳል፤ በቃ። በእነዚያ ዓመታት ከሚነዱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ዶሮቲ ሌቪት ነበረች። በ1909 ለሴት አሽከርካሪዎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት ትንሽ የእጅ መስታወት እንዲይዙ መክራለች። ዛሬ «ስፖኪዮ ተመልከቺ» እየተባልን የምንማረውን ነገር አንዲት ሴት ከመቶ ዓመት በፊት ጽፋው ነበር።

መኪናው ሲበዛ የሚሞተውም በዛ። በ1934 ብቻ 7,343 ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ። ዛሬ መኪናው ከዚያን ጊዜው እጅግ በዝቶ እንኳ በዓመት የሚሞተው 1,600 ገደማ ነው። በዚያው በ1934 ፈተናን የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። ፈተናው በመጋቢት 1935 በፈቃደኝነት ተጀምሮ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ክፍያው ሰባት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ነበር። የፈተና ጣቢያ ገና ስላልነበረ ተፈታኙ ከፈታኙ ጋር መናፈሻ ወይም ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ይቀጣጠር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ካለፉት ይልቅ የወደቁት ናቸው ያጽናኑኝ፤ ከመቶ 63ቱ ሲያልፉ የቀሩት ወድቀዋል። ስለዚህ መውደቅ ከፈተናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው እንጂ እኛ ያመጣነው አይደለም።

አሁን ወደ ማስተላለፉ ልምጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በመስከረም 1939 ፈተናው ቆመ። እንደገና የተጀመረው በኅዳር 1946 ነው፤ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መንዳት አልቆመም። ብዙ ሴቶች አምቡላንስና የጭነት መኪና መንዳት የተማሩት በዚያ ጦርነት ነው። በኋላ ንግሥት የሆነችው ኤልሳቤጥም በ1945 ሠራዊት ገብታ መንዳትና ሞተር መጠገን ተምራለች።

በ1956 መጨረሻ ደግሞ በስዊዝ ቦይ ቀውስ ምክንያት ነዳጅ በራሽን ሆነና ፈተናው እስከ ሚያዝያ 1957 ተቋረጠ። ፈታኞቹ የነዳጅ እደላውን ሥራ እንዲያግዙ ተመደቡ፤ ለማጆቹም ያለ አጃቢ ብቻቸውን እንዲነዱ ተፈቀደላቸው። ሦስተኛውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ተዘጋ፣ በበጋው ተከፈተ፣ በክረምቱ እንደገና ተዘጋ።

ለእኛ ለስደተኞች ከመሪው ይልቅ የከበደን ግን ሌላ ነው። እስከ 1996 ድረስ የመንገድ ሕግ ጥያቄ የሚጠየቀው መኪናው ውስጥ በቃል ነበር። ከዚያ ዓመት ሐምሌ ወዲህ የቲዎሪ ፈተና ለብቻው ሆነ። ለተወሰኑ የውጭ ቋንቋዎች የድምፅ ትርጉም ይሰጥ ነበር፤ መንገድ ላይ ለሚደረገውም ፈተና አስተርጓሚ ይዞ መግባት ይቻል ነበር። ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ ሁለቱም ቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን ጥያቄዎቹን በአማርኛ እየተነጋገርን በእንግሊዝኛ የምናጠናው ለዚህ ነው። ደጋፊዎቻችን ለዚህ ጥናት የምትሰጡት ገንዘብ የት እንደሚደርስ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። መንግሥት ፈተናውን ሲያቆም ምክንያቱ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱ ሲያልፍም ይመለስበት ነበር። እኔ ልጄ ሲታመም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በዚያው ቀን አዲስ ቀጠሮ ያዝኩ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሰረዝኩና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ አምስት ወር በላብኝ። የቲዎሪ ማለፊያ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ እርሱም ሊያልቅብኝ ተቃርቦ ነበር። በኮሮና ጊዜ እንኳ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች እንደገና እንዲፈተኑ ነው የተደረገው።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ማስተላለፍ ካለባችሁ አስተላልፉ፤ ነገር ግን ቀድማችሁ አድርጉት። ከዚህ በፊት ሦስት የሥራ ቀን ይበቃ ነበር፤ ከሚያዝያ 8 ቀን 2025 ወዲህ ግን 10 ሙሉ የሥራ ቀናት ሲቀሩት ካላሳወቃችሁ የከፈላችሁት አይመለስም። በአዘቦት ቀን 62 ፓውንድ ነው፤ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ቀጠሮውን ከመንካታችሁ በፊት የመንግሥትን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ደግሞም አሮጌውን ቀን ከመልቀቃችሁ በፊት አዲሱን ያዙ፤ ለአንዲት እኅትም ንገሯት። የተነገረ ቀን በቀላሉ አይሰረዝም።

በሦስተኛው ቀጠሮዬ ሄድኩ። አደባባይ ላይ ከቀኝ ለመጣ መኪና ቅድሚያ ሳልሰጥ ገባሁና ወደቅሁ። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ እጄ መንቀጥቀጡን እንደተወ ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ቀጣዩ ፈተናዬ በሚመጣው ወር ነው። ቀኑን ለእናታችን ነግሬያቸዋለሁ፤ በቀን መቁጠሪያቸው ላይ ጽፈውታል።